ከድልድዩ ማዶ የመጣው በረኛ

አሰልጣኛችን የመጀመሪያውን ተጫዋች በድምፅ ማጉያ ሲጠራ እኔ ከሜዳው ዳር ቆሜ ማንጎ እየላጥኩ ነበር። ስሙን እንደሰማሁ ማንጎውም ቢላዋውም ከእጄ ወደቁ። አጠገቤ የነበረው ፉል ቤት ያለው ጓደኛዬ ክንዴን ጨምድዶ ይዞ፣ "ማንን ነው የጠራው?" አለኝ። ሰምቶታል፤ ጆሮውን ማመን አቅቶት ነው እንጂ።

"በረኛውን" አልኩት።

"የቱን በረኛ?"

"ያንን ነዋ!"

ጓደኛዬ መሬት ላይ ዘጭ አለ። ቀልድ አይደለም፤ ነጭ ሱሪውን ለብሶ አቧራው ላይ ተቀመጠ። ከኋላችን አንዱ "ይሄ ሰውዬ ታሟል፣ ማጉያውን ቀሙት!" ብሎ ጮኸ። ሌላው ኮፍያውን አውልቆ ረገጠው። 

ድንጋጤያችን እንዲገባችሁ ስለ በረኛው ልንገራችሁ። እኔ ጋምቤላ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ ከወሎ ጨርቅ ይዞ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ እኔም እዚሁ ተወለድኩ፣ እዚሁ የገበያ ሰፈር ቡድን ደጋፊ ሆንኩ። ባላንጣችን ከባሮ ድልድይ ማዶ ያለው ሰፈር ቡድን ነው። በረኛው የዚያ ቡድን ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የአገሬው ተወላጅ፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ የሚቆም የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ፣ ሕፃን ልጅ በእግሩ የሚያቆማት ኳስ ተንከባልላ መጣችለት። ጎንበስ ሲል በእግሮቹ መሃል አልፋ መረብ ውስጥ ገባች። እኔ ሜዳ የምሄደው ቢጫ ባዶ ጀሪካን ይዤ ነው፤ ወንበሬም ከበሮዬም እሱ ነው። ደስታዬን የምይዝበት ባጣ ጀሪካኑን ሦስት ጊዜ መታሁና "አመለጠው!" አልኩ። ደጋፊው ተቀበለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳስ ወደ እሱ በሄደች ቁጥር፣ ያዛትም አልያዛትም፣ ሦስት ጊዜ ጀሪካን፣ ከዚያ "አመለጠው!" ሆነ።

ነገሩ ሜዳ ላይ ቢቀር ጥሩ ነበር። የባጃጅ ሾፌሮች ሲያዩት ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ይነፋሉ። ገበያ ላይ ቲማቲም ሲመርጥ አንዷ ከእጁ ከወደቀች ሻጮቹ አንድ ላይ ይጮኻሉ። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ሲወድቅበት ተማሪዎቹ ዴስክ ይመታሉ አሉ። ይህን ስሰማ አዘንኩ ብል ውሸት ነው። ሰው መንገድ ላይ "የጀሪካኑ ጌታ!" ሲለኝ ደረቴን እነፋ ነበር።

ዘንድሮ የውድድሩ ኮሚቴ አዲስ ነገር አመጣ። የሰፈር ለሰፈር ጨዋታ በድንጋይ ውርወራ እየተቋጨ ስላስቸገረ፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰለፉና አሰልጣኞች በዕጣ ባገኙት ተራ እየጠሩ ይከፋፈሏቸው ተባለ። ማን ከየት ሰፈር ነው ማለት ቀረ። በዕጣው እኛ አንደኛ ወጣን፣ ተቃቀፍን። ከዲማ ወርቅ ቁፋሮ የተመለሰ፣ እግሩ እሳት የሆነ አጥቂ ነበር፤ እሱን እንደምንወስድ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። እኔማ ከሁሉም ቀድሜ ዘጠኝ ቁጥርን ከቀይ ጨርቅ ቆርጬ፣ ማሊያው ላይ ሰፍቼ፣ ሱቄ ውስጥ ሰቅዬው ነበር። አሰልጣኛችን ግን ማጉያውን ይዞ ያንን በረኛ ጠራ። የዲማውን አጥቂ ደግሞ ወዲያው የማዶዎቹ ሰዎች ወሰዱት።

ከኒሙ ዛፍ ሥር አሰልጣኙን ከበብነው። በአንድ ቢሮ መዝገብ ቤት የሚሠራ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው።

"ምን በደልንህ?" አልኩት።

"ስንት ዓመት ነው የጮኻችሁበት?" አለኝ።

"ሦስት።"

"በእነዚህ ሦስት ዓመታት ልጁ አንድ ጨዋታ ሳይመጣ ቀርቶ ያውቃል?"

አሰብኩ። ሁላችንም አሰብን። ቀርቶ አያውቅም።

"እንግዲህ ሌላ ምን ዓይነት በረኛ ልፈልግ?" አለና ደብተሩን አጥፎ ሄደ። 

በእኛ ሰፈር አዲስ ተጫዋች ሲመጣ መጀመሪያ የሚሄደው እኔ ጋ ነው። እለካዋለሁ፣ ማሊያውን አስተካክላለሁ፣ ቁጥሩን በእጄ እሰፋለሁ። በማግሥቱ በረኛው በሱቄ በር ጎንበስ ብሎ ገባ። ሰላምታውን የመለስኩት ወለሉን እያየሁ ነው። ክንዱን ስለካ ሜትሬ ከትከሻው እስከ አንጓው ድረስ ማለቂያ ያጣ መሰለኝ፤ የማሊያው እጅጌ ክርኑን ትንሽ አልፎ ይቀራል። ሌላ ጨርቅ መቀጠል ነበረብኝ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?" አለኝ።

"ጠይቀኝ።" ስድብ ይመጣል ብዬ አንገቴን ሰበርኩ።

"እናቴ አቦቦ ነው ያለችው። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣ ነበር፣ ኳስ ለማየት። ያ ጩኸት ሲመጣ ቀረች። አሁን ግን ቡድን ቀይሬያለሁ፣ የሚጮኹት ሰዎች የኛ ሰዎች ሆነዋል አልኳት። እመጣለሁ አለች። አንተ ጋ ብትቀመጥ ጥሩ ነው።"

"እኔ ጋ?"

"ከዚህ ሰፈር ሌላ ሰው አላውቅም። የማውቀው አንተን ነው።"

መርፌው አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ። "ወላሂ" አልኩት፣ "ማንም ትንፍሽ አይልባቸውም።"

ያን ሳምንት ሥራ አልሠራሁም ማለት ይቻላል። ከፉል ቤቱ እስከ ባጃጅ ተራው፣ ከዓሣ ሻጮቹ እስከ ሞባይል ጠጋኞቹ ድረስ ዞሬ ለመንኩ። እናቱ ይመጣሉ፣ አደራ፣ ያንን ነገር እንዳትሉ አልኩ። ሁሉም ማለልኝ። በዚያ ጩኸት የተነሳ ልጃቸው ሲጫወት ሳያዩ ሦስት ዓመት ነው የከረሙት አልኳቸው።

ቅዳሜ ሴትዮዋ ትንሽ የእንጨት በርጩማ በእጃቸው አንጠልጥለው ደረሱ። ቀጭን ናቸው፣ እንደ ልጃቸው ረጅም። ከጎኔ አስቀመጥኳቸው፤ እኔም እንደ ልማዴ ጀሪካኔ ላይ ተቀመጥኩ። የምንጋጠመው ከማን ጋር ነው? ከማዶዎቹ ጋር። ልጃቸው እጅጌው በሁለት ቀለም የተቀጠለ ማሊያ ለብሶ በሩ ላይ ቆመ።

ጨዋታው እንደተጀመረ የዲማው አጥቂ ሁለት ሰው አልፎ ብቻውን ወጣ። ሁላችንም ብድግ አልን። መታት። ከዚያ ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሦስት ጊዜ ጀሪካን ተመታ፤ ከመቶ አፍ በላይ አንድ ላይ "አመለጠው!" አለ። ጀሪካኑ የኔ ነበር። የመጀመሪያው ድምፅም የኔ ነበር።

ኳሷ በረኛው ደረት ላይ ነበረች፤ በሁለት እጁ አቅፏታል። ወደ እኛ ዞሮ አየን።  ፉል ቤት ያለው ጓደኛዬ አፉን በመዳፉ ይዟል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለማመድኩት ሕዝብ የራሱን በረኛ፣ በእናቱ ፊት፣ ኳስ ይዞ ቆሞ ሳለ ሰደበው።

ሴትዮዋ ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ።

"አላመለጠም" አሉኝ፤ አማርኛቸው የተቆጠበ ነው። "እጁ ላይ ነው። እይ።"

አየሁ። ከዚያ በኋላ ከእኛ ወገን ድምፅ ጠፋ። አፍረን ዝም ያልን መስሎኝ ነበር፤ ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ለራሳችን በረኛ የሚሆን ጩኸት ጨርሶ አልነበረንም። ያን ሁሉ ዓመት የምናውቀው ማዋረድ ብቻ ነበር። ልጁ አምስት ስድስት ኳስ አወጣ፣ አንዷንማ በጣቱ ጫፍ፣ እኛ ግን እንደ ለቀስተኛ ተደርድረን እናያለን። ማዶዎቹ ይጨፍራሉ።

ሊያልቅ ሲል ዝናብ ጀመረ። አንዲት ቀላል ኳስ፣ የድሮዋን የምትመስል፣ እርጥቡ ሣር ላይ እየተንከባለለች መጣች። ጎንበስ አለ። ከእጁ ሾለከችና ገባች። የእውነት አመለጠችው።

ማንም ምንም አላለም። ማዶዎቹ እንኳ አፍታ ያህል እኛን ጠበቁ፤ ጀሪካኑን ማለቴ ነው። በዚያ ዝምታ መሃል ሴትዮዋ ከበርጩማቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። ብቻቸውን። በቀስታ ሳይሆን ጎል ላገባ ሰው እንደሚጨበጨበው ነው። ልጃቸው ኳሷን ከመረቡ አውጥቶ ወደ መሃል ወረወራት። እኔም ላጨበጭብ አልኩና እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ሲታዘዘኝ ደግሞ እሳቸው ጨርሰዋል።

አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። ጨዋታው ሲያልቅ ሴትዮዋ ሳይሰናበቱኝ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው በዝናቡ ሄዱ። አለቀ፣ ዳግመኛ አይመጡም አልኩ። ዞር ስል በርጩማቸው ቦታው ላይ አለ። አንሥቼ በጭቃው እየተንሸራተትኩ እስከ ባጃጅ ተራው ሮጥኩ። ባጃጅ ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል።

"እማማ" አልኳቸው እያለከለክሁ፣ "በርጩማዎን ረሱት።"

በርጩማውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"አልረሳሁም" አሉ። "ቅዳሜ ምን ላይ ልቀመጥ?"