ድኩላ ነው ያልኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከመርሳ ገበያ ስመለስ፣ ባጃጁ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ስለ ቅርቡ ጦርነት ያወጉ ነበር። አንደኛው «አሰሳ ላይ ሳለን» እያለ ደጋግሞ አነሣው። ለእነሱ አሰሳ ሰው ሰውን የሚፈልግበት ነው። እኔ ቃሉን የተማርኩት ለድኩላ ነበር። ቤቴ ገብቼ የገዛሁትን ብርቱካን ከዘንቢሉ ሳላወጣ ብዙ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የሆነው በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ጦርነቱ ከሰሜን ወደ እኛ እየወረደ ነበር። ወልድያ አሥራ አንደኛ ክፍል ጨርሼ ለክረምቱ ከግራና በላይ ወዳለው መንደራችን ስመለስ፣ ሲሪንቃን አልፈን መርሳ እስክንደርስ ከፊታችን የሚመጣው ሁሉ የወታደር መኪና ነበር። ገበሬ ማኅበሩ የተጣለበትን የወታደር ኮታ ለመሙላት ወጣቱን ከማሳ፣ ከገበያ፣ ከወፍጮ ቤት ያፍሳል። የአጎቴ የይማም አንድያ ልጅ እንድሪስ ከሰኔ ጀምሮ አይታይም። የት እንደሄደ ማንም አይጠይቅም። ያን ጊዜ አለመጠየቅ ደግነት ነበር።

አጎቴ አዳኝ ነበሩ። ድኩላ የሚታደነው ሣሩ ሲደርቅ፣ ከጥቅምት ወዲያ ነው። ክረምት ላይ ግን ጭቃው ኮቴ ስለሚይዝ፣ የት እንደሚያድር፣ ከየትኛው ምንጭ እንደሚጠጣ አስቀድሞ ይታሰሳል። የሚያስስ ሰው ጠመንጃ አይዝም፤ አያወራም፤ ዱካ አይረግጥም። ያን ዓመት የአጎቴን ዓይን ሞራ ስለጋረደው እኔን ይዘው መውጣት ጀመሩ። እናቴ «ሴት ልጅ ጫካ ለጫካ?» ብላ ተቆጣች።

«የተዋስኩሽ ዓይኗን ነው» አሏት። «ሌላው እንዳለ ይመለስልሻል።»

ጤዛው ሳይረግፍ እንወጣለን። የማሽላው ቅጠል ልብሳችንን ያርሰዋል። ከማሳው በላይ ክትክታና አጋም የሞላበት ገደላገደል ነው። የድኩላ ኮቴ እንደ ፍየል ዱልዱም እንዳልሆነ፣ ጫፉ እንደሚሾል አስተማሩኝ። ኮቴው ውስጥ የዝናብ ጠብታ ካለ ከዝናቡ በፊት ያለፈ ነው፤ ጠርዙ ካልፈረሰ ገና አሁን ያለፈ ነው። እኔ እያየሁ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ወንዱ ቀንዱን ያሸበትን ግንድ ባገኘሁ ዕለት «አንቺ ተማሪ፣ ይኼን ወልድያ አላስተማሩሽም» ብለው ሳቁ።

አንድ ነገር ብቻ አይገባኝም ነበር። ቂጣ ከሁለት ሰው በላይ ይቋጥራሉ፤ የተረፈውን ከአንድ ዋንዛ ሥር ያስቀምጣሉ። ለማን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሰደቃ ነው» አሉኝ። ዝንጀሮው ምንኛ ታድሏል ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

በነሐሴ አንድ ጠዋት ከምንጩ ዳር ጎንበስ ስል ያየሁት ኮቴ አልነበረም።

«የሰው ነው» አልኩ።

«ድኩላ ነው።»

«አጎቴ፣ በረባሶ ነው። የግራው ተረከዝ ተቀዶ በሚስማር የተመታ...»

«ድኩላ ነው አልኩሽ» አሉ ቀስ ብለው። «አጥፊው።»

ያን በረባሶ የመቱት ራሳቸው ነበሩ፤ በደጃችን ተቀምጠው ሲመቱት አይቻለሁ። ልጃቸው ዱካ ይተው አይተው ማየት አልቻሉምና፣ እኔን ያወጡኝ ለዚህ ነበር። የክትክታ ቅርንጫፍ ሰብሬ ከምንጩ እስከ ዋንዛው ያለውን ሁሉ ጠረግሁ።

ስንወርድ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከሁለት ታጣቂዎች ጋር መንገድ ላይ ቆሞ አገኘነው።

«አያ ይማም፣ ጠመንጃዎ እኛ ዘንድ ነው። ድኩላውን በምርቃት ሊጥሉት ነው?»

«ጥቅምት ላይ ስትመልስልኝ እጥለዋለሁ። አንተ ብቻ እስከዚያ አትሻር።»

ታጣቂዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ወደ እኔ ዞረ።

«የእሳቸውን ዓይን ተዪው። አንቺ ቁርኣን የቀራሽ ልጅ ነሽ፤ አትዋሺም። ከምንጩ በላይ ሰው አለ?»

«የለም። የድኩላ ዱካ ነው ያየነው።»

«ወላሂ በይ።»

አጎቴ ወደ እኔ አልዞሩም። ጭቃ የነካውን ምርኩዛቸውን በሣር ይጠርጉ ነበር። በአገራችን ወላሂ ካሉ በኋላ የሚጠየቅ ነገር የለም። ለዚህም ነበር አባቴ በሕይወቱ ሁለቴ ብቻ ሲል የሰማሁት።

«ወላሂ፣ ድኩላ ነው» አልኩ።

ሊቀመንበሩ አመነኝ፤ ወደ ምንጩ ሳይወጣ ተመለሰ። በማግስቱ እንድሪስ በቆላው በኩል ወደ አፋር ወረደ። ጦርነቱ ሲያልቅ ተመለሰ፤ አገባ፤ ወለደ።

ኮታው ግን መሙላት ነበረበት። በዚያው ሳምንት ከታችኛው መንደር የእትዬ ሩቂያን ልጅ አሊን ከወፍጮ ቤት ደጃፍ ወሰዱት። እህሉ ሳይፈጭ ቀረ። አሊ አልተመለሰም። እትዬ ሩቂያ ግራና ገበያ በርበሬ ይሸጡ ነበር። ባየኋቸው ቁጥር «ያገሬ ተማሪ» እያሉ ምራቂውን ከልክ በላይ ይጨምሩልኛል። እኔም አመስግኜ እሄዳለሁ። እስኪሞቱ ድረስ አልነገርኳቸውም።

ስለ መሐላዬ የመንደሩን ሸኽ የጠየቅኋቸው ካገባሁ በኋላ ነው። ስም ሳልጠራ ነገርኳቸው። ሦስት ቀን ጹሚ፣ ከዚያ ተውበት አድርጊ አሉኝ። ሦስቱን ቀን ጾምኩ። ተውበት ግን ጸጸት ይሻል፤ ጸጸትም ቢደገም አላደርገውም ማለት ነው። ከሰላት በኋላ ይህን ልል ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ባለፈው ኢድ የእንድሪስ የልጅ ልጆች መጥተው እጄን ሳሙኝ፤ አምስት ናቸው። ቢደገም እምላለሁ። ለእትዬ ሩቂያ መንገር የነበረብኝም ይኸው ነበር።