ከግራሩ ወዲህ

የመኪናችን መሪ በግራ ቢሆን ኖሮ እኔ መንዳት አልማርም ነበር። ከድንበሩ ማዶ፣ ኢትዮጵያ በኩል፣ መኪኖች መሪያቸው በግራ ስለሆነ ማርሽ የሚቀየረው በቀኝ እጅ ነው። የእኛ ፒካፕ ግን የኬንያ ናት፤ መሪዋ በቀኝ፣ ካምቢዮዋ በግራ እጅ በኩል። የአባቴ ግራ እጅ ደግሞ የስኳር ጆንያ ትከሻው ላይ ከወደቀበት ጊዜ ጀምሮ ጉልበት የለውም። የሻይ ብርጭቆ ይይዛል፣ ካምቢዮ ግን አይገፋም።

ስለዚህ እሱ መሪ ሲይዝ እኔ መሐል ተቀምጬ ማርሽ እቀይር ነበር። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ከዚያ በላይ የሚያስተምረኝ ስላልተገኘ ሥራዬ ይኸው ሆነ። አባቴ ፍሪሲዮን ረግጦ "ሁለት!" ሲል ወደ ኋላ እስባለሁ። "ሦስት!" ሲል ወደ ፊት እገፋለሁ። ከጊዜ በኋላ መጥራቱንም ተወው። ሞተሩ ራሱ ይነግረኝ ነበር። ድምፁ ሲቀጥን ማርሽ እጨምራለሁ፤ ሲያጓራና ሲንዘፈዘፍ እቀንሳለሁ።

ከተማው ውስጥ፣ ማንያታ የሚባለው ሰፈራችን ካለው ሱቅ ስኳር፣ ዱቄት፣ ሻይ ቅጠልና ሳሙና ጭነን ገጠር ወዳለችው ቦሪ እንወስዳለን። ስንመለስ ፍየል ወይም የግመል ወተት ይዘው ገበያ የሚገቡ ሴቶችን እናመጣለን። አንድ ቀን ስንመለስ አባቴን ትከሻው በጣም አመመው። መኪናዋን አቆመና "ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ" አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲያ ሜዳው ሁሉ የእኔ ሆነ።

መንዳት ምን ይመስላል ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ወንዶች ሲሆኑ ይጠየቃሉ፤ ሻይ ቤት ተቀምጠው ስለ ሞተርና ስለ መንገድ ሲያወሩ ያመሻሉ። እኔን ቢጠይቁኝ ከግራ እግሬ እጀምርላቸው ነበር። ጫማዬን አውልቄ ነው የምነዳው። ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጬ ቀስ እያልኩ ስለቀው፣ የሆነ ቦታ ላይ መኪናዋ ትነቃለች። ቦታው በዓይን አይታይም፣ በውስጥ እግር ብቻ ነው የሚታወቀው። ያኔ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ አፍንጫዋ ትንሽ ቀና ይላል፣ ወንበሩ ወገቤን ይገፋኛል። ካምቢዮው መዳፌ ውስጥ እንደ በግ ጠቦት ይንቀጠቀጣል። ማርሹ በትክክል ከገባ ክንዴ ድረስ የሚሰማ አንድ ልስልስ ያለ ነገር አለ፤ ካልገባ ደግሞ ጥርስ ያፋጫል፣ እኔም አብሬ ጥርሴን እነክሳለሁ። ቁልቁለት ላይ ሁለተኛ አስገብቼ ፍሬን ሳልነካ ስወርድ፣ ያን ሁሉ ጭነት ሞተሩ ራሱ ወደ ኋላ ይዞ ሲያወርደኝ ይሰማኛል።

እኔ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ የምመልሰው አንገቴን ደፍቼ ነው። መሪ ሲያዝ ግን አንገት መድፋት አይቻልም። ዓይን ሩቅ ማየት አለበት። በቀን ውስጥ ቀና የምለው እዚያ ብቻ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ከግራሩ ወዲያ ነው። ከተማው ከመግባታችን በፊት፣ ኬላው ሳይታይ፣ መንገዱ ዳር አንድ ትልቅ ግራር አለ። እዚያ ስንደርስ አባቴ "አቁሚ" ይላል። እኔ እወርዳለሁ፣ እሱ መሪው ጋ ይገባል፣ እኔ ወደ መሐል እመለሳለሁ። የወተት ሴቶቹ ይህን ስለለመዱት ወርደው እግራቸውን ያፍታታሉ። ከዚያ አባቴ በአንድ እጁ መሪ ይዞ፣ እኔ በነጠላዬ ሥር ማርሽ እየቀየርኩ፣ ከተማ እንገባለን።

ሱቃችን በር ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች "ማሻአላህ! በአንድ እጁ ከቦሪ ድረስ!" ይላሉ። አባቴ ፈገግ ይላል። እኔ ጆንያ አወርዳለሁ። ስንት ጊዜ ይህን ሰማሁ! ስንት ጊዜ ደሜ ፈላ!

ከዚያ አጎቴ መጣ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ማዶ በኩል የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሠርቷል፣ ሾፌሩ ሲደክመውም እየተቀበለ ይነዳ ነበር። አንድ ጠዋት ስኳር ስንጭን አባቴ ፊቴን ሳያይ እንዲህ አለኝ፤

"ልጄ፣ ሰው ማውራት ጀምሯል። ቦሪ ላይ ሴት ልጅህ ትነዳለች አሉኝ። ከእንግዲህ አጎትሽ ይነዳል። ዛሬ መንገዱን አሳዪውና፣ ከነገ ጀምሮ አንቺ ሱቁን ትይዣለሽ።"

ሌላ ሰው ሱቅ መያዝን ይወደው ይሆናል። እኔ ግን ሚዛኑ ኋላ ቆሜ አንገቴን ስደፋ የምከርምበት ዘመን ፊቴ ላይ ተደቀነ። "እሺ" አልኩ።

አጎቴ መሪው ጋ ተቀመጠ፣ እኔ መሐል፣ አባቴ በወዲያኛው በር በኩል። አጎቴ በደንብ አስነስቶ ወጣ። ሁለተኛ ለማስገባት ሲል ግን ቀኝ እጁ እንደ ለመደው ወደ ቀኝ ሄደ። እዚያ ያለው በሩ ነው። የመስኮቱን ማውረጃ እጀታ ጨበጠና በኃይል ሳበው። መስታወቱ ወረደ። ሞተሩ እየጮኸ ነው፣ ፍሪሲዮኑ ተረግጧል፣ አጎቴ ደግሞ አቧራ ይቅማል። እጄ ሳላዘው ሁለተኛ አስገባ።

"አየህ ጋሼ!" አለ አጎቴ እየሳቀ። "ይቺ ልጅ ጥሩ ናት። ማዶ ካምቢዮው በቀኝ ስለሆነ እጄ ለምዶብኝ ነው እንጂ ምንም የለውም።"

ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ መስኮቱን እንደገና ከፈተው። እንደገና እኔ ቀየርኩ። አባቴ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ውጭ አየ። ያኔ አጎቴ ያቺን ሐሳብ አመጣት።

"ጋሼ፣ ለምን እሷን መሐል አናስቀምጣትም? ማርሹን እሷ ትያዝ፣ እኔ መሪውን። እጇ በነጠላ ከተሸፈነ ማን ያያል?"

"ይቻላል" አለ አባቴ።

ይቻላል! ያን ጊዜ ጆሮዬ ጋለ። ለአባቴ እጅ ሆንኩለት፤ እጁ ስለታመመ ነው፣ አባቴም ስለሆነ ነው። ይህ ሰውዬ ግን ሁለት ጤነኛ እጅ አለው። የእኔን ሥራ ሊወስድ መጥቶ፣ ሥራውን ራሱ ደግሞ በእኔ እጅ ሊሠራ፣ ስሙ ሊጠራለት፣ እኔ ነጠላ ሥር ልደበቅ? እጆቼን ሰብስቤ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳቸው። ቦሪ እስክንደርስ አላነሳኋቸውም። አጎቴ መስኮቱን እየከፈተና እየተሳደበ እንደምንም ደረሰ።

ዕቃውን አራግፈን ሴቶቹን ከነጄሪካናቸው ስንጭን ላይኛው አገር ጠቆረ። ስንመለስ ዝናቡ ቀድሞን ነበር። በመንገዳችን ላይ ላጋ አለ። ላጋ የምንለው ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ የሆነ፣ ሲዘንብ ውሃ የሚወርድበት ወንዝ ነው። ውሃው ገና እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ነገር ግን እየጨመረ ይሄዳል፣ ቆሞ የሚጠብቅ ደግሞ እዚያው ያድራል። የፊት ጎማዎቹ መሐል ላይ የሚዞር ቁልፍ አለ፤ ወርዶ በእጅ ካልተቆለፈ የፊቱ ጎማ አይጎትትም። አጎቴ እንዲወርድ ጠበቅኩ። አልወረደም። በሦስተኛ እየጮኸ ገባ።

መሐል ላይ አሸዋው ጎማውን ያዘው። ሞተሩ ማጓራት ጀመረ።

"ሁለት! አንቺ ልጅ፣ ሁለት በይ!" አለኝ።

እጆቼ ጭኔ ላይ ናቸው። እዚያው ቆዩ። ዛሬም አልጸጸትም።

ቀኝ እጁ ወደ በሩ ሮጠ። መስኮቱ ተከፈተ፣ ጭቃ ውሃ ፊቱ ላይ ተረጨ፣ ሞተሩ ጠፋ። እንደገና አስነስቶ ቤንዚን ሲሰጥ የኋላ ጎማዎቹ እዚያው እየተሽከረከሩ ጉድጓድ ቆፈሩ። የሚቃጠል ፍሪሲዮን ሽታ ገባ። ይህን ሽታ አልችለውም፤ ያመኛል። ከኋላ ሴቶቹ ጮኹ። አንዷ፣ ሁሌ ከእኛ ጋር የምትጓዝ ትልቅ ሴት፣ ውሃው ውስጥ ወርዳ አጎቴ መስኮት ጋ ቆመች።

"አንተ ሰውዬ፣ መስኮት ከመክፈት ሌላ ሥራ የለህም?" አለችው። "ለልጅቷ ስጣት! ወተቱ ሳይበላሽ ቤታችን እንግባ!"

አባቴ ውሃውን አየ። ከዚያ "ተነሽ፣ አውጪን" አለኝ።

ወረድኩ። ቀሚሴን ጉልበቴ ላይ ቋጥሬ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ቆለፍኩ። ሴቶቹ እሾህና ድንጋይ ጎማው ሥር ጠቀጠቁልኝ። አጎቴ በስብሶ ስለነበር በር በኩል ተቀመጠ፣ አባቴ ወደ መሐል ገባ። አጭሩን ካምቢዮ፣ ጉልበት የሚሰጠውን፣ አስገባሁ። ከዚያ ሁለተኛ፤ አንደኛ ጎማውን ያስዞራል። ቤንዚኑን በእግሬ አውራ ጣት ብቻ ነካሁት። ፍሪሲዮኑን ስለቅ እግሬ ያችን ቦታ ፈለጋት፣ አገኛትም። መኪናዋ ተነፈሰች። መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰችም፣ ግን አልጠፋችም። ከሥሬ አራቱም ጎማዎች እንደ አራት እጅ አሸዋውን ሲቧጥጡ ይሰማኛል። መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ አወዛወዝኩት። ከዚያ አፍንጫዋ ቀና አለ። ዳገቱን እያጓራች በዝግታ፣ ሰው በሚሄድበት ዝግታ፣ ወጣች። ሴቶቹ እልል እያሉ ተከትለው ሮጡና ተሳፈሩ።

አባቴ "ጎበዝ" አላለኝም። አጎቴ ፊቱን በሸሚዙ ጠረገ።

ግራሩ ሲታይ አጎቴ ተንቀሳቀሰ። "ጋሼ፣ እዚህ ጋ እኔ ልቀበላት። ከተማ ውስጥ ሴት ስትነዳን ሰው ሲያይ ምን ይለናል?"

አባቴ እንደ ሁልጊዜው "አቁሚ" አለኝ።

አቆምኩ። አጎቴ በበሩ ወርዶ በፊት በኩል ዞሮ ወደ እኔ በር መምጣት ጀመረ። ፍሪሲዮኑ ተረግጧል፣ አንደኛ ማርሽ ገብቷል። አሁን ከወረድኩ ነገ ሚዛኑ ኋላ ነኝ፣ ወይም ነጠላ ሥር። ከኋላ ያቺ ትልቅ ሴት ጣራውን ደበደበች፤ "ምን ሆናችሁ ነው ደግሞ? ዴሚ!" አለች በኦሮምኛ፣ ሂጂ ማለቷ ነው።

አጎቴ መኪናዋን ዞሮ እስኪጨርስ ጠበቅኩ፤ ልገጨው አልፈለግሁም። እጁ እኔ በር ላይ ሲያርፍ እግሬን ለቀቅሁ።

"ኧረ! ኧረ! አንቺ!" የሚል ድምፅ ከኋላ ቀረ። ሴቶቹ ከላይ ሆነው ሲስቁ ጣራው ይንቀጠቀጣል። የአጎቴ በር ሳይዘጋ እየተወዛወዘ ነው። አባቴ ጎንበስ ብሎ በደህናው እጁ ስቦ ዘጋው። ቁጣውን ጠበቅኩ። አልመጣም። ሁለተኛ አስገባሁ፣ ሦስተኛ አስገባሁ።

ኬላው ላይ የሚቆመው አስካሪ፣ ፖሊሱ ማለቴ ነው፣ በተከፈተው መስኮት ጎንበስ ብሎ ሲያየኝ ዓይኑ ፈጠጠ። እኔን አልጠየቀኝም፤ አባቴን ነው።

"ምዜ፣ ዛሬ ሾፌሩ ማነው?" አለው፤ ምዜ በስዋሂሊ ሽማግሌ ማለት ነው።

አባቴ ባዶውን ወንበር አየ፣ ከዚያ እኔን። "እሷ ናት" አለ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዛሬ ጀምሮ።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የፈለግሁት ይህንኑ አልነበረም? ግን ከዛሬ! ያ ሁሉ አሸዋ፣ ያ ሁሉ ቁልቁለት፣ ማሻአላህ የተባለበት ሁሉ፣ በአንድ ቃል ተሰረዘ። ሞተሩ ስለሚጮህ ነው መሰለኝ ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ።

"ከዛሬ አይደለም። ትምህርት ቤት ከጨረስኩበት ዓመት ጀምሮ ነው።"

አስካሪው ሳቀ። "መንጃ ፈቃድ አላት?"

"ታወጣለች" አለ አባቴ ፊቱን ከሁለታችንም አዙሮ። የኬላው እንጨት ተነሳ፣ ገባን።

ፈቃዱን በኋላ አወጣሁ፣ መኪናዋንም እስካሁን የምነዳት እኔ ነኝ። አጎቴ ያን ቀን በእግሩ ገብቶ እናቴን "ልጅሽ ሜዳ ላይ ጥላኝ መጣች!" ብሎ አለቀሰላት። አሁን ማዶ የጭነት መኪና ይነዳል፤ እዚያ ቀኝ እጁ የሚፈልገውን ያገኛል።

ማንያታ ውስጥ ግን የሚወራው አጎቷን ጥላ የሄደችው ልጅ ነው። ላጋውን የሚያነሳ የለም። ጨዋ የሚመስሉ ሰዎች ሱቅ ድረስ መጥተው "ለምን ጣልሽው? ነውር አይደለም?" ይሉኛል። ከዚያ ግራር ሥር እኔ ስንት ጊዜ እንደወረድኩ ግን የጠየቀኝ የለም።