በበዓል ቀን በሬ የሳበው ጂፕ

ጽሕፈቴ የተቃና አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት ከደብሩ ቅጥር ውስጥ ነው፤ ዳዊት ሳልደግም ጥዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር መንገድ ሥራ ላይ ሾፌር በነበርኩ ጊዜ መዝገብ ላይ የማሰፍረውን ስሜን ነው። የሚያነበኝ ሰው አይሳቅብኝ። ቢስቅም ግድ የለኝም።

ጂፒቱን የገዛኋት በስተርጅና፣ ባሕር ዛፌን አስቆርጬ ነው። ልጆቼ አበደ አሉ። «አባባ፣ በዚህ ዕድሜህ ወፍጮ ትከል እንጂ መኪና ምን ይሠራልሃል?» አሉኝ። አልሰማኋቸውም። አረንጓዴ ቀለሟ ተላልጧል፣ የኋላ በሯ በገመድ ነው የሚታሰረው። ጣራዋ ያፈሳል። ክረምት ላይ ውስጧ ጃንጥላ ዘርግተን የሄድንበት ቀን አለ። ባትሪዋ ብርድ ስለማይችል ሲመሽ ነቅዬ ቤት አስገባና ከምድጃው አጠገብ ጋቢ አልብሼ አኖረዋለሁ። ሚስቴ ይህን ባየች ቁጥር «እኔን እንዲህ ሸፍነኸኝ አታውቅም» ትለኛለች።

መለዋወጫ አይገኝላትም። አንድ ጊዜ ለአንዲት ትንሽ ጎማ ነገር ደጀን ድረስ ሄጄ፣ ሦስት ቀን ከርሜ፣ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ።

ግን አራቱም ጎማ አንድ ላይ መሬቱን የያዘ ቀን! ከሮብ ገበያ ወደኛ ሲመጣ ፈረሰኛ ወርዶ ፈረሱን የሚስብበት ዳገት አለ። እሷ የድንች ዘር በጆንያ ተጭና፣ ከጆንያው ላይ ሴቶች ተቀምጠው፣ እያጉረመረመች ትወጣዋለች። ሰው ከእርሻው ቀና ብሎ ያያል። እግዜር ይቅር ይበለኝና ያን ጊዜ ልቤ ያብጣል።

ጉድ የሠራኝም ይኸው የልቤ እብጠት ነው። ነገሩን ለመናገር ግን መጀመሪያ የጎረቤቴን ነገር ማንሳት አለብኝ።

ጎረቤቴ በዕድሜ ልጄ ይሆናል። ካቻምና ክረምት ታሞ ሰንብቶ ዘሩ ዘገየበት። ሲሻለው በሚካኤል ቀን በሬዎቹን ጠምዶ ሲዘራ ታየ። በአሥረኛው ቀን በረዶ ወርዶ የአገሩን ገብስ ደበደበው። ሕዝቡ ከደጀ ሰላሙ ተሰበሰበ። ከሁሉም ጮክ ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ። «በዓል ሽሮ በረዶ አመጣብን። ለቤተ ክርስቲያን አንድ ጆንያ ስንዴ እስኪያስገባ ድረስ እሳት የሰጠው፣ ውሃ ያቀበለው እንደሱ ይቆጠር» አልኩ። ሰውም «ይሁን» አለ። ባለሱቁ ክብሪት እንኳ አልሸጠለትም። ስንዴውን እስኪያገኝ አንድ ወር ፈጀበት። በዚያ ወር ትንሿ ልጁ ፍም መያዣ ገል ይዛ ደጄ ቆማ ነበር። በሩን የዘጋሁት በዚህ እጄ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

አምና የሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ ሚስቴን ሆዷን ቆረጣት። ሲነጋ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር። ውሃም አልወርድላት፣ ነፋስም አልወጣላት አለ። የጤና ኬላዋ ልጅ መጥታ ዳበሰቻትና ወደ ውጭ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ አንጀቷ ሳይጠማዘዝ አይቀርም። ዛሬውኑ ደብረ ማርቆስ ካልገባች አትተርፍም» አለችኝ። አምቡላንስ ተደወለ፤ ነዳጅ የለም ተባለ። በዚያ ሰሞን አገሩ ሰላም ስላልነበረ አውቶቡስም አይሄድም።

ጎረምሶቹ ቃሬዛ ይዘው መጡ።

«ጋሼ፣ እስከ ጠጠሩ መንገድ እኛ እንሸከማታለን» አሉ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መኪና እንጠብቃለን።»

«መኪና ደጄ ቆማ መኪና ልጠብቅ? ቃሬዛችሁን ይዛችሁ ቅዳሴያችሁ ሂዱ!»

ወደ ጠጠሩ መንገድ የሚያወጣው በላይ በኩል የሚዞረው ነው። ከታች በጨፌው ካቋረጡ ግማሹ ይቀራል፤ ግን በክረምት ጨፌውን ከብት እንኳ እየተጠራጠረ ነው የሚረግጠው። ሚስቴ ከኋላ ወንበር ተኝታ «በላይ ዙር» አለችኝ። «አራት ጎማ የገዛሁት ለምን ሆነና!» አልኳት። አስታውሳለሁ፤ ልክ እንደዚህ ነው ያልኳት።

መሐል ላይ ስንደርስ የጂፒቱ ፊት ጭቃው ውስጥ ገባ። ማርሽ ቀየርኩ፣ ነዳጅ ሰጠሁ። ጎማው ባለበት ዞረ፤ ጭቃው መስታወቱን አለበሰው፤ ጂፒቱም እንደታለበች ላም በሆዷ ተኛች። ድንጋይ አጎረስኳት፣ ዋጠችው። ክሪክ አስገባሁ፣ እሱም ሰመጠ። ከበላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነጠላቸውን እንደለበሱ ወርደው ገፉ፤ ነጩ ሁሉ ጥቁር ሆነ። ንቅንቅ አላለችም። ሁለት ሰዓት እንዲህ አለፈ። ሚስቴ መጀመሪያ ታቃስት ነበር፤ ኋላ ዝም አለች። ከማቃሰቷ ይልቅ ዝምታዋ ገደለኝ። ቃሬዛውን መልሱልኝ ልል አስቤ ነበር፤ ግን በትከሻ ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ መሽቶም አያበቃ። ጠጠሩ መንገድ ደግሞ ከፊቴ ይታየኛል። ድንጋይ ብወረውር ይደርሳል።

አንዱ ከኋላ «በሬ ነው የሚያወጣት» አለ። ሰው ሁሉ እኔን አየ።

ሚስቴ ዓይኗን ሳትገልጥ «አንተ ሰውዬ፣ ሂድና ለምነው» አለችኝ።

«ማንን?»

«ማንን እንደሆነ ታውቃለህ።»

የጎረቤቴ በሬዎች ከአገሩ ሁሉ ጉልበተኞች ናቸው፤ ግጦሹም ጨፌው ዳር ነው። አጥሩን ተደግፎ ቆሞ አገኘሁት።

«እንደምን ዋልክ?» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ጋሼ? ቤት ሊመርጉ ነው እንዴ፣ ጭቃ ሲያቦኩ ዋሉ?»

«ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው።»

ፊቱ ተለወጠ። «አውቃለሁ። ከጠዋት ጀምሮ እያየሁ ነው» አለ።

«በሬዎችህን ስጠኝ።»

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ጋሼ?»

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞር ብዬ አየሁ።

«ይንገሩኝ እንጂ። ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

«ገብርኤል ነው።»

«በሬዎቹ እነዚያውልዎት፣ ቀንበሩም ያውልዎት። እኔ ግን እጄን አላስገባም። እርስዎ ይጥመዷቸው፣ ሕዝቡ እያየዎት።»

ጠመድኳቸው። በሬ ከጠመድኩ ዓመታት አልፈውኛል፤ ማነቆው ከእጄ ሁለት ጊዜ ወደቀ። እሱ ቆሞ ያያል። ሲቸግረው «ጠይሙ በቀኝ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። ወደ ጨፌው ስነዳቸው ሰዉ እንደ ቀብር ግራና ቀኝ ተከፈለልኝ። ቄሱ ጃንጥላቸውን ወደኛ በኩል አዘንብለው ፊታቸውን ጋረዱ። «እኔ ምንም አላየሁም» ሲሉ ሰማኋቸው።

ሰንሰለቱን ከቀንበሩ አስሬ መሪው ላይ ስቀመጥ በሬዎቹን የሚነዳልኝ ሰው ጠፋ። ማንም አልደፈረም። ያን ጊዜ ጎረቤቴ ጭቃውን እየረገጠ መጥቶ ጅራፌን ነጠቀኝ።

«እጄን አላስገባም አላልክም?» አልኩት።

«ጅራፍ ቀንበር አይደለም። ይልቅ ሞተርዎን ያስነሱ!»

ግራው በሬ በጉልበቱ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ወደቀ። ሰንሰለቱ ተወጠረ። ጨፌው እንደሚጠባ ሕፃን አፍ ጧ አለና ለቀቃት።

ሆስፒታል ስንደርስ ወዲያው ቀዶ ሕክምና አስገቧት። እኔ ከነጭቃዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ኋላ አንድ ለጋ ሐኪም ወጥቶ «ተርፋለች አባባ» አለኝ። እግሩን ልስም ስነሣ ያዘኝና «ግን አንጀቷ ጠቁሮ ስለነበር ብዙውን ቆርጠን አውጥተነዋል። ሁለት ሰዓት ያህል ቀድማችሁ ብትመጡ ኖሮ ሳንቆርጥ እንፈታው ነበር» አለኝ። ልጁ ክፋት የለውም፤ አያውቅም። እኔ ግን ያቺን ሁለት ሰዓት የት እንዳዋልኳት አውቃለሁ። ዛሬ ሚስቴ ከሕፃን ያነሰ ነው የምትበላው፤ እንስራ ማንሳት አትችልም። እሷ ስለዚያ ቀን አታነሣብኝም። ብታነሣብኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ክረምት ነሐሴ ላይ በረዶ ወረደ። ሕዝቡ ተሰበሰበ። እኔም ቅጣቴን ለመቀበል ራሴ ሄድኩና ቆምኩ። «እርስዎማ የአገር ሽማግሌ ነዎት፤ ነፍስ ለማዳን ያደረጉት ነው፤ በረዶው የመጣው በሌላ ነው» አሉኝ።

«የጎረቤቴስ ልጆች? ዘሩ ቢያልፍበት ነፍሳቸው በምን ሊድን ኖሯል?» ብዬ ጮኽኩ። ሁሉም መሬት መሬት ያይ ጀመር። ካቻምና እኔ ስጮህ አብረውኝ የጮሁት ናቸው።

አንድ ጆንያ ስንዴ በጂፒቱ ጭኜ ጎረቤቴ ደጅ ሄድኩ። ሳላወርደው ወጣና በሩ ላይ ቆመ።

«ስንዴው አለኝ ጋሼ» አለ። «ልጄ ገሉን ባዶውን ይዛ የተመለሰችበት ቀን ካለዎት፣ እሱን ይመልሱልኝ።»

 ጆንያውን ይዤ ተመለስኩ።

አልጠላኝም፤ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ ሚስቴንም መጥቶ ይጠይቃል። ግን ጂፒቱ ላይ አይወጣም። ባለፈው ሳምንት ከሮብ ገበያ ስንመለስ፣ በዝናብ፣ ጆንያ ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ ደረስንበት። ቆሜ በሩን ከፈትኩለት።

«ግባ እንጂ።»

«ደርሻለሁ ጋሼ። አመሰግናለሁ።»

ምን ደረሰ? ዳገቱን ገና መጀመሩ ነው። ሚስቴ ከኋላ ሆና «ትተኸው እንዳትሄድ» አለችኝ። በሩን ክፍቱን ትቼ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ በሱ እርምጃ ልክ ከጎኑ ቀስ እያልኩ ወጣሁ። ጥቂት እንደሄድን ጆንያውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረና፣ ሳያየኝ፣

«ጋሼ፣ ወይ ይቅደሙ ወይ ይቅሩ፤ ጭቃ እየረጩኝ ነው» አለኝ።