የብርጓል ከጠርሙስ ስባሪ የሠራችው መስኮት

በ1930 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል የጣሊያን አውሮፕላን በጎጃም፣ ከአምበር ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ ሲያንዣብብ ሰንብቶ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በወይራ አምባ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ቦምብ ጣለ። ቦምቡ የወደቀው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ስለነበር ሰው አልሞተም። የመቅደሱ የምሥራቅ መስኮት ግን መስተዋቱ እንዳለ ረገፈ። ያ መስተዋት ድሮ አንድ ባላባት ከአዲስ አበባ በበቅሎ አስጭኖ ያስመጣው ነበር። ከዚያ ወዲያ ነፋሱም ዝናቡም ቀጥታ እየገባ በቅዳሴ መካከል ጧፉን ያጠፋው ጀመር። በሳንቃ ሲዘጉት ደግሞ መቅደሱ ጨለመና ካህናቱ ማንበብ ተቸገሩ።

በዚያች መንደር ጥግ፣ ከወንዙ በላይ፣ የብርጓል የምትባል ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ቀጭን፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ባሏ ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም፤ ልጅም አልነበራት። እንስራውም ጀበናውም ምጣዱም ከእሷ እጅ ይገዛል፤ እሷ ቤት ገብቶ እህል የሚቀምስ ግን አልነበረም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት ስለሚባል እናቶች እሷ ስታልፍ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም ከሰው ገለል ብላ፣ ከግቢው በር አጠገብ ካለው ጽድ ሥር ቆማ ታስቀድስ ነበር።

የብርጓል ቅዳሜ ቅዳሜ ሸክላዋን ተሸክማ ደብረ ማርቆስ ገበያ ትወጣለች። ከጣሊያኖች ምሽግ ጀርባ ወታደሮቹ ቆሻሻ የሚጥሉበትና የሚያቃጥሉበት ጉድጓድ አለ። አንድ ቅዳሜ በዚያ ስታልፍ አመድ ውስጥ የሆነ ነገር አብረቀረቀባት። ጎንበስ ብላ አነሣችው። ሁለት የወይን ጠጅ ጠርሙሶች በእሳቱ ለስልሰው፣ ተጣጥፈው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። መጋጠሚያቸውን በጥፍሯ ብትፈልግ አጣችው። ያን ድብልብል በነጠላዋ ቋጥራ እየተጣደፈች አገሯ ገባች።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩን አለቃ አባ ገብረ ኪዳንን ጠብቃ ጉልበታቸውን ሳመች።

«አባ፣ ያን መስኮት እኔ ልሞክረው።»

«ምኑን ነው የምትሞክሪው ልጄ?»

ድብልብሉን አውጥታ አሳየቻቸው። «ጠርሙስ በእሳት ይጋጠማል። ስባሪውን ሰብስቤ በሸክላ ሳህን ላይ ደርድሬ ባቀልጠው፣ መዳፍ መዳፍ የሚያህል ዝርግ መስተዋት ይወጣዋል። ከዚያ አናጢ በእንጨት ክፈፍ ያያይዘዋል።»

አባ ገብረ ኪዳን ድብልብሉን ወደ ፀሐይ አንሥተው ብዙ ጊዜ አዩት። አጠገባቸው የነበረ አንድ ደብተራ «የሸክላ ሠሪ እጅ የነካው ነገር መቅደስ ሊገባ ነው?» ብሎ አጉረመረመ።

«ያ የምትጠጣበት ገንቦ የማን እጅ ነክቶት ነው?» አሉት አባ። ወደ እሷም ዞረው «በይ ሞክሪው፤ እግዚአብሔር ያሳካልሽ» አሏት።

ሸክላ ሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት ይተኮሳል። ለመስተዋት ግን የተዘጋ፣ ሙቀቱን የሚይዝ ነገር ያስፈልግ ነበርና የብርጓል ከጭቃና ከገል እስከ ወገብ የሚደርስ እቶን ሠራች። ወንድሟ አለበል አንጥረኛ ስለነበር ወናፉን ይዞ መጥቶ ከሥር ይነፋላት ጀመር። እቶኑ ጎን ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ትታ፣ በዚያች እያጮለቀች ውስጡን ታያለች።

መጀመሪያ ጊዜ ስባሪው ቀለጠ፤ ነገር ግን ከሸክላ ሳህኑ ጋር አንድ አካል ሆኖ ተጣበቀና ሳህኑን ሳይሰብሩ ማውጣት አልተቻለም። በሚቀጥለው ሳህኑ ላይ አመድ ነሰነሰች። ባሰ። አመዱ ራሱ ከመስተዋቱ ጋር ቀልጦ እንደ ሙጫ ያዘው። አለበል ሳቀባት፤ እሷ ግን ተቀምጣ አሰበች። አመድ እሳት ውስጥ የሚቀልጥ ከሆነ፣ እሳት የማይበግረው ምንድን ነው? ሴቶች የቤት ግድግዳ የሚለቀልቁበት ነጭ አፈር ትዝ አላት። ከገደሉ ሥር ቆፍራ አመጣች፤ በውሃ በጥብጣ ሳህኑን ቀባችና ፀሐይ ላይ አደረቀችው። በዚህኛው መስተዋቱ እንደ ቂጣ ከምጣድ ተነሣ።

ተነሣ፤ ግን ጠቃጠቆ የበዛበት፣ ጉም የለበሰ ነበር። በስባሪው ላይ የነበረው ጭቃና ጥላሸት ነው ያበላሸው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ስባሪ በእንዶድ አጥባ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቃ፣ ጣቷን እንኳ ፊቱ ላይ ሳታሳርፍ ትደረድር ጀመር። አረፋ ሲያስቸግራት አለበልን «ቀስ በል፤ መጀመሪያ ዝም ብሎ ይሙቅ» አለችው። እሳቱ ድንገት ሲበረታበት ከላይ ያለው ቶሎ ይለሰልስና በስባሪዎቹ መካከል ያለውን አየር ቋጥሮ ያስቀረዋል። በዝግታ ሲሞቅ ግን አየሩ መውጫ ያገኛል። የእሳቱን ልክ በቀለሙ ለየችው። ውስጡ እንደ በርበሬ ሲቀላ ስባሪው ገና ጠርዙ ስል ነው፤ ወደ ብርቱካንማ ሲያደላ ጠርዙ ይዶለዱምና አንዱ ባንዱ ላይ ይተኛል፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ እንደ ማር እየፈሰሰ ቅርጹን ያጣል።

ከሁሉ ያስለቀሳት ስንጥቁ ነበር። ያማረ መስተዋት ታወጣና እጇ ላይ እንዳለ «ጢን» ይልና ለሁለት ይከፈላል። አንዳንዱ ሳይነኩት፣ መደብ ላይ ተቀምጦ በሦስተኛው ቀን ይሰነጠቃል። አለበል «የሰው ዓይን ነው» አላት።

«ዓይን አይደለም» አለች፤ ሕይወቷን ሙሉ ስለ ዓይን የሰማችው ይበቃት ነበር። «ምክንያት አለው።»

ምክንያቱን ሁለት ሆኖ አገኘችው። አንደኛ፣ አረንጓዴውን የወይን ጠጅ ጠርሙስ ከነጭ የፋኖስ ብርጭቆ ጋር ስትቀላቅል ሲቀልጡ ይዋደዳሉ፤ ሲቀዘቅዙ ግን አንዱ ካንዱ የበለጠ ስለሚኮማተር ይለያያሉ። ስለዚህ ዓይነቱን ከዓይነቱ ጋር ብቻ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የእሷው ጉጉት ነበር። እቶኑን ቶሎ ትከፍተዋለች፤ ቀዝቃዛ አየር ሲመታው ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፣ ውስጡ ገና ትኩስ ነው፤ ይጣላሉ። ከዚያ ወዲህ እሳቱ እንደጠፋ ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃ ደፍና፣ እቶኑን በአመድና በአፈር ቀብራ፣ ከውጭ እጇን ስታስደግፍ እንደ ድንጋይ እስኪቀዘቅዝባት ድረስ ትተወዋለች። ያን መጠበቅ እንደ ጾም ለመደችው። መስተዋቱም መሰንጠቁን ተወ።

በ1931 ዓ.ም. ከመስቀል በኋላ ክረምቱን ሙሉ አጥባ ያጠራቀመችውን ስባሪ ሁሉ በየሳህኑ ደርድራ እቶን ውስጥ አስገባች። በዚያው ሰሞን አርበኞች በደጀን መንገድ ላይ ከጣሊያን ጋር ተዋግተው ነበርና አርበኞቹን በድብቅ የሚረዳው አለበል አንድ ቁስለኛ በበቅሎ ጭኖ መጣባት። እንዳላማው ይባላል፤ ከአማኑኤል በኩል የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ጥይት ጭኑን በስቶታል።

«እዚህ ማንም አይገባም» አለ አለበል። «ሰው ቤትሽን ስለሚፈራው።»

የብርጓል ቁስሉን አጠበችለትና ግቢዋ ውስጥ ካለው፣ ድሮ የሸክላ አፈር ይራስበት ከነበረ ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ገለባ አንጥፋ አስተኛችው። በላዩ እንጨት ጋርዳ የተሰባበረ ገንቦና ምጣድ ከመረችበት። እቶኑ ከጉድጓዱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ እሳቱ ጠፍቶ፣ በአፈር ተቀብሮ እየበረደ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ የጣሊያን መኮንን፣ አስተርጓሚና ጥቂት ባንዳዎች ግቢዋን ሞሉት። የደም ጠብታ ተከትለው እስከ ወንዙ ደርሰው ነበር። ቤቷን በረበሩ፤ ጎተራዋን ገለበጡ። አንዱ ባንዳ ወደ ገሉ ክምር ጠጋ ብሎ በጠመንጃው አፈሙዝ አንድ ገንቦ ነካ አደረገ።

የብርጓል ያን ጊዜ ሮጣ እቶኑ ፊት ቆመች። ሁለት እጇን ዘርግታ «እባካችሁ ይህን አትክፈቱብኝ! ስለ ማርያም!» ብላ ጮኸች።

ባንዳው ገሉን ትቶ ዞረ። ሁሉም ዞሩ።

«ምን አለበት?» አለ አስተርጓሚው።

«መስተዋት ነው። አልበረደም። አሁን ከተከፈተ ያልቅልኛል።»

አስተርጓሚው ለመኮንኑ ነገረው። መኮንኑ ፈገግ ብሎ በጣቱ ምልክት ሰጠ። እሷን ወደ ጎን ገፍትረው እቶኑን በሰደፍ ናዱት። አፈሩ ተንዶ ትኩስ አየር ሲወጣ አንዱ ባንዳ እጁን ተቃጥሎ እየተሳደበ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ ጢን፣ ጢን፣ ጢን እያለ፣ አንዱ ሳህን ከሌላው እየተቀባበለ፣ የክረምት ልፋቷ ሁሉ ተሰነጣጠቀ። የብርጓል መሬት ላይ ተቀምጣ እየጮኸች አለቀሰች።

መኮንኑ አንድ ስባሪ በጓንቱ አንሥቶ አየና አንድ ነገር ጠየቀ።

«ይህ ለምንድን ነው ይልሻል።»

«ለቤተ ክርስቲያን መስኮት። አውሮፕላናችሁ የሰበረው።»

አስተርጓሚው የመጨረሻዋን ቃል ይተርጉም አይተርጉም እንጃ። መኮንኑ ስባሪውን ጣለ። እጁ የተቃጠለው ባንዳ በንዴት በሰደፍ ትከሻዋን መታት፤ ደጅ የነበሩትንም አዲስ እንስራዎች በእርግጫ ሰባበረ። ከዚያ ወደ ታችኛው መንደር ወረዱ።

እሷ ኮቴያቸው እስኪጠፋ ጠበቀችና ገሉን አነሣች። እንዳላማው ላብ አጥምቆት፣ ከንፈሩን ነክሶ ተኝቶ ነበር።

«ሁሉንም ሰማሁ» አላት። «እንዴት ያለ ልቅሶ ነው ያለቀስሽው! እኔንም አሳምነሽኝ ነበር።»

«የውሸት መሰለህ እንዴ?» አለች ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች። «አንተን እንዳያዩህ ብዬ ወደዚያ ሳብኳቸው እንጂ፣ ልቅሶውስ የእውነቴን ነው። ውሃ ላምጣልህ።»

እንዳላማው እስኪድን እዚያው ከረመ። መቆም ሲችል በአንድ እጁ ምርኩዝ ይዞ፣ በሌላው የተናደውን እቶን ጭቃ አቀበላት። ወደ ጓዶቹ ከተመለሰ በኋላም አንድ ቀን አለበል በአህያ ሁለት ጆንያ አምጥቶ ደጇ ላይ አራገፈ። አርበኞች ከማረኩት የጣሊያን ጓዝ ውስጥ እንዳላማው ለቅሞ የላከው ባዶ ጠርሙስ ነበር። የብርጓል ሳቀች። ከዚያ ተቀምጣ ዓይነቱን ከዓይነቱ ትለይ ጀመር፤ ምክንያቱም ግማሹ ከድሮው ጋር የማይስማማ ነበር።

መስኮቱ በ1932 ዓ.ም. ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ደረሰ። አናጢው በወይራ ክፈፍ አያይዞ ሲያቆመው ንጋት ላይ ፀሐይዋ በአረንጓዴውና በቡናማው አልፋ የመቅደሱን ግድግዳ ቀለም አለበሰችው። አባ ገብረ ኪዳን ከቅዳሴ በኋላ ወጥተው፣ ጽድ ሥር የቆመችውን የብርጓልን በሰው ፊት ጠሯትና ከሴቶቹ መካከል አቆሟት። አንዳንዶቹ ሴቶች ቦታ ለቀቁላት። አንዳንዶቹ ግን ልጆቻቸውን ወደ ጎን ሳብ አደረጉ። የብርጓል ሁለቱንም አየች።

በ1933 ጣሊያን ከጎጃም ሲወጣ እንዳላማው አገሩ ገባ። ከአማኑኤልም ሽማግሌ ልኮ የብርጓልን ጠየቃት። ዘመዶቹ «የገበሬ ልጅ ሸክላ ሠሪ ያገባል?» ብለው ተነሡበት። «እኔን በጉድጓድ የደበቀችኝ ሴት ናት» አላቸው። ተጋቡና ወይራ አምባ፣ ከወንዙ በላይ ጎጆ ሠሩ። እሱ ያርሳል፤ እሷም ሸክላዋን አልተወችም።

የእንዳላማው እናት እማማ አልጣሽ ግን ዓመት ሙሉ በዚያ በር አላለፉም። የብርጓል የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ከአማኑኤል መጥተው ጎረቤት አደሩና፣ ማለዳ ገንፎ በሳህን ይዘው ደረሱ። ደጃፉ ላይ ቆመው አመነቱ።

«ይግቡ እማማ፣ ብርድ ይመታዎታል» አለቻቸው ከአልጋዋ ሆና።

ገቡ። ሕፃኑን አቀፉት፤ ፊቱን ሳይሸፍኑ ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ «ያንቺን ጣት ወስዷል» አሏት፤ አጠገቧም ተቀምጠው ገንፎውን በእጃቸው አጎረሷት።