ለእትዬ ዘነበች ድምፅ የመረጥኩት ማይክ

ከደሴ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። ጉም ወርዶ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ እንኳ አይታይም ነበር። የአሜሪካ ዲቪ ደርሶኝ ነው። እናቴ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ከፍታ ዘጋችው። አባቴ ደግሞ እዚያ ሄጄ ምን ልሠራ እንዳሰብኩ ጠየቀኝ። ሰባት ዓመት በትምህርት ሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ቴክኒሻን ሆኜ ሠርቻለሁና፣ ያው ድምፅ ነው የምሠራው አልኩት። ምን ያለ ድፍረት እንደነበረኝ ሳስበው ዛሬ ያሳፍረኛል።

ኮሎራዶ ያገኘሁት ሥራ ኮሜርስ ሲቲ በሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስካን ማድረግ ነበር። ቤት የተከራየሁት ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባል ሰፈር፣ ከኮልፋክስ ጎዳና አንድ ብሎክ ገባ ብሎ ነው። ብርዱ እንደ ደሴ መስሎኝ ነበር። የደሴ ብርድ እርጥብ ነው፤ ጋቢ ውስጥ ገብቶ አብሮ ይቀመጣል። የዚህኛው ደረቅ ነው፤ ፀሐይ እያበራ በረዶ ይጥላል፣ አፍንጫ ያደማል። ሽንኩርቱ የሕፃን ራስ ያክላል፣ ግን አያስለቅስም፤ ወጡ እንደ ማርማላታ ይጣፍጣል። ሰውም "ሃው አር ዩ" ይልና መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። ቆመው መልስ የሚጠብቁት ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ብቻ ነበሩ።

እትዬ የላስታ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው በእግር ሱዳን ገብተው፣ ከዚያ ዴንቨር መጥተው፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሆቴል አንሶላ አጥበው ጡረታ ወጥተዋል። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሊያ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ጨዋ ልጅ ናት።

ገና እንደመጣሁ፣ የመኝታ ቤቴን ክሎዜት፣ ግድግዳው ውስጥ ያለውን የልብስ ማስቀመጫ፣ በብርድ ልብስና በካፖርት ሸፍኜ ስቱዲዮ ለማድረግ ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን የአፓርትመንቱ ማናጀር የጭስ አላርም ሊያይ መጣና ክሎዜቱን ከፍቶ ቆመ። ይሄ ምንድን ነው ሲለኝ "ፎር ሳውንድ" አልኩት። በእኔ አነጋገር "ፎር ሰን"፣ ለልጅ፣ ብሎ ሰማው። ዕድሜው ስንት ነው አለኝ። ገና መጀመሬ ነው አልኩት። ልጁ የኪራይ ውሉ ላይ እንዳልተመዘገበ ነግሮኝ ወጣ። በማግስቱ ልጅን ክሎዜት ውስጥ ማስተኛት ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ በበሬ ሥር ገብቶ አገኘሁ። ያንን ደብዳቤ ለእትዬ ሳነብላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። የሬዲዮ ሰው መሆኔን ያወቁት ያን ዕለት ነው።

በዓመቱ እትዬ ሻይ ልጋብዝሽ ብለው ጠሩኝ። አንገታቸው ላይ ያለው እንቅርት እያደገ ትንፋሻቸውን ስለተጫነው በኦፕሬሽን ሊወጣ ነበር። ሐኪሙ የድምፅ ነርቭ እዚያው አጠገብ እንደሚያልፍ፣ ድምፃቸው ሊለወጥ እንደሚችል በአስተርጓሚ ነግሯቸዋል። ለኦፕሬሽኑ ስድስት ሳምንት ያህል ቀርቷቸዋል።

"አንቺ ድምፅ መያዝ ታውቂበታለሽ" አሉኝ። "እናቴ ወፍጮ ላይ የምታንጎራጉረው አለ። እህል በእጅ ስንፈጭ ከሷ የያዝኩት ነው፤ አሁን ከኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ለሊያ አስቀሪልኝ።"

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከመጣሁ ጀምሮ ስለ ድምፅ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ሰዓቴን ካርቶን ላይ ተቀምጬ በስልክ ስለ ማይክ ሳነብ አሳለፍኩት። ኮንደንሰር የሚባለው ማይክ ጆሮው ስል ነው፤ ሰው ምራቁን ሲውጥ ሳይቀር ይሰማል። ዳይናሚክ የሚባለው አፍ አጠገብ ካልሆነ አይሰማም፤ ስለዚህ ጫጫታ ላለበት ቤት ይሻላል። ይህን ደሴ እያለሁም አውቀው ነበር። ግን ዩቲዩብ ላይ አንዱ ፈረንጅ የኮንደንሰርን ድምፅ ሲያሰማ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ሆነብኝና ልቤ ሸፈተ። ለደመወዜ የሚሆነውን፣ ርካሹን ገዛሁ።

አንድ እሑድ እትዬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ክሎዜቱ አፈናቸውና ኪችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሄድፎኔን አጥልቄ ጀምሩ አልኳቸው። ሁለት መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው፣ ልክ ወፍጮ እንደሚገፉ ወደፊትና ወደኋላ እያሹ ማንጎራጎር ጀመሩ።

አስቆምኳቸው። ፍሪጁ ይሰማል። ነቀልኩት። እንደገና ጀመሩ፤ ኮልፋክስ ላይ ከባድ መኪና አለፈ። እንደገና ጀመሩ፤ ከላይኛው ፎቅ ሰው ተራመደ። ከሁሉም የባሰው የመዳፋቸው ድምፅ ነበር፤ በጠረጴዛው እንጨት በኩል ማይኩ ውስጥ እየገባ እንደ ነጎድጓድ ያስተጋባል። እጅዎን ከጠረጴዛው ላይ ያንሱልኝ አልኳቸው። እሺ ብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ትንሽ አንጎራጎሩና ጠፋባቸው። እጄ ካልሄደ ቃሉ አይመጣም ብለው ሳቁ። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ስናደርግ ደከማቸው። ሌላ ማይክ አገኛለሁ፣ በደንብ እንሠራዋለን ብዬ ሸኘኋቸው።

የቀዳሁትን ማታውኑ አጠፋሁት። ጣቢያችን ቴፕ ብርቅ ስለነበር የተበላሸ ቅጂ አናስቀምጥም፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዚያ ያገለገለ ዳይናሚክ ማይክ ኦንላይን አዘዝኩ። በሚቀጥለው እሑድ ኦቨርታይም ገባሁ። በሚቀጥለው በረዶ ጣለ። ሻጩ ዕቃውን ዘግይቶ እንደላከ ጻፈልኝ፤ እኔም ገና ሳምንታት አሉን ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ማክሰኞ ከሆስፒታል ተደወለላቸው። ሌላ በሽተኛ ቀጠሮ ስለሰረዘ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ ሐሙስ ጠዋት ይግቡ ተባሉ። ትንፋሽ አጥሯቸው ስለነበር እሺ አሉ።

ረቡዕ ከሥራ ስገባ በሬ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ፀጉራቸውን ተሠርተዋል፤ ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል።

"በይ፣ አሁን እንጨርሰው" አሉኝ።

"ማይኩ አልደረሰም እትዬ። ቅዳሜ ይገባል ተብሏል።"

"ያለሽ ማይክ ምን ሆነ? ካልሆነም በስልክሽ ያዢው። ሊያ ሁሉን ነገር በስልክ አይደል የምትሰማው?"

"በስልክማ አይሆንም። ለእርስዎ ድምፅ አይመጥንም።"

"እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ጠርቼ ልመልሳቸው ይገባ ነበር። እንዲያውም ድምፃቸውን እንዳከበርኩላቸው መስሎኝ ነበር።

ኦፕሬሽኑ ተሳካ፤ ትንፋሻቸው ተመለሰ፣ ተኝተው ማደር ቻሉ። ድምፃቸው ግን ሐኪሙ አስቀድሞ እንዳለው ሆነ። ሹክሹክታ ብቻ ቀረ፤ ንግግሩ ይሰማል፣ ዜማ ግን አይሸከምም። ወራት ይጠበቅ ተባለ፤ ወራት ተጠበቀ፤ አልመጣም። ዳይናሚኩ እንደተባለው ቅዳሜ መጣ። ሳጥኑን ለረጅም ጊዜ አልከፈትኩትም።

ሊያ አንድ ቀን እናቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ ያን እሑድ የቀዳሁትን እንድልክላት ጠየቀችኝ። ቢበላሽም ግድ የለኝም አለች። እንዳጠፋሁት ነገርኳቸው። ሊያ "ኦል ኦፍ ኢት?" ብላ ጠየቀች። አዎ አልኳት። ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። እትዬ ክንዴን ያዙኝ።

"ቃሉ አለኝ" አሉ በሹክሹክታ። "ዜማው ቢሄድ ቃሉ አለ። ቃሉን ያዢው።"

በነጋታው ያንኑ ርካሽ ማይክ ኪችን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። ፍሪጁን አልነቀልኩም። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው እያሹ፣ ቃሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወረዱት። ስለ እናት፣ ስለ ጤፍ ዱቄት፣ ሩቅ አገር ስለሚዳሩ ልጃገረዶች ነው። አንድም ጊዜ አላስቆምኳቸውም። ለሊያ ላክሁላት፤ ያልገባትን ቃል ሁሉ ተርጉሜ ጻፍኩላት።

ሳምንት ቆይታ ደወለች። እየደጋገመች እንደሰማችው ነገረችኝ። ከዚያ፣ ለኔ ስትል መሰለኝ፣ ቃል እየፈለገች በአማርኛ ጠየቀችኝ።

"ዜማው ግን... እንዴት ነው የሚሄደው? አንቺ ሰምተሽዋል አይደል?"

ስልኩን እንደያዝኩ ለማንጎራጎር ሞከርኩ። የመጀመሪያው ስንኝ እንደምንም መጣልኝ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ጣቢያችን በየጠዋቱ ይለቀው ወደነበረ ሌላ ዘፈን ገባሁ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ዘፈን ላይ ወደቅሁ። ከእናቷ ከንፈር አንድ ክንድ ርቄ፣ ሄድፎን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጫለሁ፤ ሳደምጥ የነበረው ግን ዘፈኑን አልነበረም።

ሊያ ጠበቀችኝ። ቆይታ "ኢትስ ኦኬ፣ ቴክ ዮር ታይም" አለች፤ ስልኩን ግን አልዘጋችም። እኔም አልዘጋሁም።