ያለጊዜው ያልኩት አሜን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። የሻርኩትን ጾም፣ ያማሁትን ሰው አንድ በአንድ ተናዝዣለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። እሳቸው "ሌላስ፣ ልጄ?" ይሉኛል። እኔ "ይኸው ነው፣ አባቴ" እላለሁ። ይኸው ብቻ ግን አልነበረም።

ባሌን በሕይወት ሳለ ሞቷል ብያለሁ።

ባሌ፣ የልጄ የቤዛ አባት፣ ሐዋሳ መናኸሪያ ጫኝና አውራጅ ነበር። ወገቡን ከታመመ ወዲህ አንድ ቀን ከሠራ ሁለት ቀን ይተኛል። እኔ ሰው ቤት ልብስ አጥባለሁ። ቤዛ ሰባት ዓመት ሲሞላት፣ አባት የሌላቸውን ልጆች በነፃ የሚያስተምር፣ ምሳም የሚያበላ ትምህርት ቤት እየመዘገበ ነው ሲሉ ሰማሁ። "አባት የሌላቸውን" የሚለውንም ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው የሄድኩት።

ጠዋት ለእናቴ ሐዘን የለበስኩትን ጥቁር ቀሚስ አውጥቼ ለበስኩ። መንገድ ላይ ቤዛን "አባትሽን ከጠየቁሽ ሞቷል በይ" አልኳት። ቀጥ ብላ ቆመችና "ማታ ሲመጣስ?" አለችኝ። እጇን ጎትቼ አስኬድኳት።

ሰልፉ ላይ ከፊቴ አንዲት ሴት ነበረች። የልጇ ጫማ ከቤዛ ጫማ የባሰ ነበር። መዝጋቢዋ "አባቷስ?" አለቻት።

"አለ፤ ግን ታሞ ተኝቷል።"

"እንግዲያ አልችልም፣ እህቴ።"

ሴትየዋ ልጇን ይዛ ወጣች። ያኔ ተከትያት መውጣት እችል ነበር። ከእሷ የተማርኩት ግን ምን ማለት እንደሌለብኝ ነው።

ተራዬ ደረሰ። "ሞቷል" አልኩ። መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጥቁሩን ቀሚሴን አየች። "ነፍስ ይማር" አለችኝ። እኔም "አሜን" አልኩ።

ማን አስገደደኝ? ሞቷል ማለቴ አይበቃኝም ነበር? ዝም ብል ማን ይቆጣኝ ነበር? በዚያች ሰዓት የቤዛ አባት ወገቡን በጨርቅ አስሮ የሰው ጆንያ ተሸክሟል። እኔ በእግዚአብሔር ስም ለነፍሱ አሜን አልኩ። የሞቱን ማስረጃ በኋላ ታመጪያለሽ አሉኝ፤ ማንም መልሶ አልጠየቀኝም።

ለእሱ "ችግራችንን አይተው ተቀበሏት" አልኩት። ወገቡን ረስቶ ልጁን ብድግ አድርጎ ተሸከማት።

ሦስተኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን ዝናብ ጣለና ጃንጥላ ይዞ ሊያመጣት ሄደ። የበሩ ጥበቃ "ማነው?" ሲላት ቤዛ "ጎረቤታችን ነው" አለች። ቤት ገብቶ እየሳቀ "ዛሬ ልጅሽ ጎረቤት አደረገችኝ" አለኝ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ሽንኩርት መላጤን ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ ወላጅ ሲጠራ "አንቺ ሂጂ፤ እኔ የለሁም" ይለኝ ጀመር። ሥራ ላይ ነኝ ማለቱ ነበር? ወይስ ገብቶት ነበር? አልጠየቅኩትም። መልሱን ፈራሁ።

ቤዛ ዐሥረኛ ክፍል ሳለች እውነት ሞተ። ለቅሶ ደራሹ "ነፍስ ይማር" ሲለኝ አፌ አልከፈት አለ። ሐዘን ነው ብለው ውሃ አጠጡኝ። ቤዛ ከትምህርት ቤቷ አንድም ሰው አልጠራችም። እንዴት ትጥራ? እነሱ ዘንድ ከሞተ ቆይቷል። በማግሥቱ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሄደች። ይህንንም ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ቤዛ ነርስ ናት። የምታኖረኝ እሷ ናት። ያስተማሯትን፣ ያበሏትን ሰዎች አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔርንም ጠዋት ማታ አመሰግናለሁ። ምስጋናዬ እውነት ነው። ግን ለጸሎት በቆምኩ ቁጥር ያቺ ሴት ከፊቴ ትሰለፋለች። ችግር ነው ያስዋሸኝ እንዳልል እሷም ችግረኛ ነበረች፣ የእሷም ባል ታሞ ነበር። "አለ" ብላ ወጣች። ልጇ የት እንደደረሰች አላውቅም።

ለእኔ ምንም አትበሉልኝ። ለቤዛ አባት "ነፍስ ይማር" በሉልኝ። አሜን የሚለው ግን ሌላ ሰው ይሁን፤ እኔ የእኔን ያኔ ብዬዋለሁ።