«የገጠሩን ከሲቪሽ አውጪው» ያለችኝ ጓደኛዬ

«አንቺ ገጠር ሠርተሽ አታውቂም?» አሉኝ፣ ዛሬ ቡሬ ላይ ለነርስነት ኢንተርቪው ያደረጉኝ ሲስተር፣ ሲቪዬን እያገላበጡ።

ኧረ ሠርቻለሁ! ተማሪ ሳለን ሽንዲ ለልምምድ ወጥተን ነበር። «የገጠሩን አውጪው፣ ያሳንስሻል» ብላ ያሰረዘችኝ አብራኝ የተመረቀችው ጓደኛዬ ናት።

«ከአንቺ በፊት የገባችው ልጅ ግን ሽንዲ ላይ መብራት ጠፍቶ ሳለ እናት እንዳዋለደች ጽፋለች» አሉ ሲስተር።

ከእኔ በፊት የገባችው እሷው ናት። ጎበዝ!

ያን ቀን ሕፃኑን በእጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። እሷ የስልኳን ባትሪ አብርታ፣ ደም እንዳታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። እሱንም «ወደዚህ አብሪልኝ» እያልኩ ለምኜ ነው።

መካሪ መስሎ የጣላችሁ ወዳጅ ካለ እስቲ ጻፉልኝ። የኔዋ ይኸው እየደወለች ነው፤ «እንዴት ሆነልሽ፣ እህቴ?» ልትለኝ።